ክራር፣ ማሲንቆ ወይስ በገና? የመጀመሪያውን መሣሪያ በቤቱ ለሚሠራ

ቤታቸው ውስጥ ትንሽ የእንጨት መሥሪያ ቦታ ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ነገር አለ። «መጋዝና መሮ መያዝ እችላለሁ፤ አንድ የባህል መሣሪያ በእጄ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ከየቱ ልጀምር?» ይላሉ። የሚሰጣቸው መልስ ብዙ ጊዜ «ማሲንቆ ቀላል ነው፣ እሱን ሞክር» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። የማሲንቆ እንጨቱ ቀላል ነው፤ ድምፁ ግን ቀላል አይደለም።

በእኔ እምነት የመጀመሪያው መሣሪያ የሚመረጠው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሠርታችሁ ስትጨርሱ ጥፋቱ የት ጋ እንደሆነ ሊነግራችሁ ይችላል? ጀማሪ የሆነ ቦታ ላይ መሳሳቱ አይቀርም። ቁም ነገሩ ስሕተቱ ተለይቶ መታወቁና መታረሙ ነው። በዚህ ስንመዝናቸው ክራር ይቀድማል፣ ማሲንቆ ይከተላል፣ በገና መጨረሻ ይመጣል።

ሦስቱ ሲተያዩ

ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር አለው። በተለመደው አመታት እያንዳንዱ ክር የሚሰጠው የተቃኘበትን ድምፅ ነው። ስለዚህ ክራሩን ቃኝታችሁ ክሮቹን አንድ በአንድ ስትነኩ መሣሪያው ራሱ ይመሰክራል። አንድ ክር ብቻ ከደነዘዘ ችግሩ እዚያው ክር ላይ ነው፤ ወይ በርኩማው (ክሮቹ ቆዳው ላይ የሚያርፉበት ትንሽ እንጨት) ላይ ያለችው ጭረት ሰፍታለች፣ ወይ ክሩ ተጎድቷል። ሁሉም ከደነዘዙ ቆዳው ላልቷል ወይም ሳጥኑ ወፍሯል። ቅኝቱ ቶሎ ቶሎ ከወረደ ደግሞ መቃኛው እየተንሸራተተ ነው፣ ወይም ቋሚዎቹ (ከሳጥኑ ወጥተው ላይኛውን አግዳሚ እንጨት፣ ቀንበሩን፣ የሚሸከሙት ሁለት እንጨቶች) ከቦታቸው እየተንቀሳቀሱ ነው። አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ በጆሯችሁ መለየት ባትችሉ እንኳ ስልክ ላይ በሚጫን መቃኛ ሥራችሁን መፈተሽ ትችላላችሁ። ለትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብላችሁ ስድስተኛውን ክር ከላይኛው ዶ ላይ ማሳረፍ ይበቃል።

ማሲንቆን እንየው። አራት ጣውላ በማዕዘኑ የቆመ ካሬ ሆኖ ይገጣጠማል፤ ከዚያ ቆዳ ይለብሳል። አንገቱ ከላይኛው ማዕዘን ገብቶ በታችኛው ይወጣል። አንድ ክር፣ አንድ መቃኛ፣ አንድ ደጋን። ሳጥኑና አንገቱ ለእንጨት ሠራተኛ ከባድ አይደሉም። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ክሩ አንድ ይባል እንጂ የተጠቀለለ የፈረስ ጭራ ነው፤ ፀጉሮቹ ሁሉ እኩል ካልተወጠሩ ድምፁ ይሰነጣጠቃል። ደጋኑም ጭራ ነው። ሙጫ ካልተቀባ ክሩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ ድምፅ አያወጣም፤ ሙጫው ከበዛ ደግሞ ይቧጥጣል። ጣት የሚጫንበት እንጨት ስለሌለ ክሩ የሚነካው በአየር ላይ እንዳለ ነው፤ ትክክለኛውን ቦታ የሚያገኘው ጆሮ ብቻ ነው።

እንግዲህ ማሲንቆውን ጨርሳችሁ ስትሞክሩት ቢያቃስት ጥፋቱ የማን ነው? የሳጥኑ? የቆዳው? የጭራው? የሙጫው? ወይስ የእጃችሁ? ማሲንቆ መምታት የማይችል ሰው ይህን ሊለይ አይችልም። መምታት የሚችል ሰው አጠገባችሁ ካለ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ፤ ያኔ ማሲንቆ ግሩም ጅማሬ ነው። እንጨቱ ጥቂት ነው፣ መሣሪያውም ብዙ አይጠይቅም። እስክትለማመዱ የቫዮሊን ደጋንና የቫዮሊን ሙጫ ብትጠቀሙ ደግሞ ከተጠርጣሪዎቹ ሁለቱን ትቀንሳላችሁ።

በገናን የምትወዱ ቅር እንዳይላችሁ። እኔም ከሦስቱ አብልጬ የምወደው እሱን ነው፤ መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩትም ለዚህ ነው። ዐሥር አውታር አለው፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል፣ ሳጥኑም ወፈር ያለ ቆዳ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ በትዕግሥት ይሠራል። ከባዱ እንዚራው ነው። በእያንዳንዱ ክርና በበርኩማው መካከል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። ክሩ ሲመታ የበርኩማውን ጠርዝ ደጋግሞ እንዲነካው የምታደርገው እሷ ናት፤ እንደ ንብ መንጋ እምም የሚለው የበገና ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቁራጯን በጣት ጥፍር ትንሽ ገፋ ስታደርጓት ክሩ ይታፈናል። መልሳችሁ ስትስቧት ንዝረቱ ጠፍቶ ተራ ክር ይሆናል። መሃል ላይ አንዲት ጠባብ ቦታ አለች፤ እዚያ ስትደርስ ድምፁ በአንዴ ይከፈታል፣ ረዘም ላለ ጊዜም አይጠፋም። ይህን ለዐሥሩም ክር ማድረግ አለባችሁ፤ ቅኝቱን በቀየራችሁ ቁጥር ደግሞ ቦታዋ ይቀየራል።

አሁን ጀማሪው የሚገጥመውን ችግር አስቡት። በክራር ላይ የሚንዘረዘር ክር ጉድለት ነው። በበገና ላይ ግን የሚፈለገው ንዝረቱ ነው። ከእንዚራው የሚመጣውን ጥሩ ንዝረት፣ ካልተጣበቀ መገጣጠሚያ ከሚመጣው መጥፎ ንዝረት መለየት የሚችለው ጆሮው የለመደ ሰው ነው። በቅርብ የበገና መምህር ካለ እየሄዳችሁ አድምጡ። የበገና ደርዳሪውን የዓለሙ አጋን አደራደር ደጋግሞ መስማትም ትልቅ ትምህርት ነው። በገናውን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሥራችሁ አድርጉት።

ሳጥን፣ ገበቴ ወይስ የብረት ሳህን?

ክራርን መረጣችሁ እንበል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የሆዱ ቅርጽ ነው። የጥንቱ ክራር ሆዱ ጎድጓዳ ነው፤ ከእንጨት የተፈለፈለ ገበቴ ወይም ቅል ይሆናል። ዛሬ በብረት ሳህን የተሠሩም ሞልተዋል፤ በጣውላ ሳጥን የተሠሩም እንዲሁ።

ገበቴ መፈልፈል ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ግንዱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የግድግዳውም ውፍረት ዙሪያውን እኩል አይመጣም። ገበያ ላይ ተሠርቶ የሚሸጥ ገበቴ መግዛት ትችላላችሁ፤ ያው አብዛኛው የተሠራው ለቤት ዕቃነት ስለሆነ ወፍራም ነው፣ ከውስጥ መሳሳት ይኖርበታል። ቅል ቀላልና ርካሽ ነው፣ ድምፁም ለስላሳ ነው፤ ግን አንዴ ከወደቀ አለቀ። የብረት ሳህን ፈጽሞ አይሰነጠቅም፣ ድምፁም ጮክ ያለና ብሩህ ነው። እኔ ግን አልመርጠውም። የሳህኑ የራሱ ጩኸት ከክሩ ድምፅ ጋር ይደባለቃል፤ ጥፋታችሁን ለመስማት ስትሞክሩ የምትሰሙት ሳህኑን ነው።

ሳጥን ይሻላል። ጣውላዎቹን በአንድ ውፍረት ትልጋላችሁ፣ በኮላ ታጣብቃላችሁ፣ ልክ ካልመጣ አንዱን ጎን ብቻ ትቀይራላችሁ። ለመጀመሪያ ክራር የምመክረው ልክ ይህን ይመስላል፦ ስፋቱ 28፣ ቁመቱ 20፣ ጥልቀቱ 7 ሴንቲ ሜትር፤ የጣውላው ውፍረት ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር። ከበርኩማው እስከ ቀንበሩ ያለው የክር ርዝመት 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን።

ቋሚዎቹ ላይ አትቸኩሉ። ስድስት ክሮች ተወጥረው ቀንበሩን ወደ ሆዱ የሚስቡበት ጉልበት እንደ ክሩ ዓይነትና ቅኝት 20 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። ቋሚዎቹ በሳጥኑ ትከሻ ላይ በቪቲ ብቻ ከታሰሩ ይህ ጉልበት ቀስ በቀስ ይነቅላቸዋል። በትከሻው ቀዳዳ ገብተው የሳጥኑን ወለል ይርገጡ። ያኔ ጉልበቱን የሚሸከመው እንጨቱ ነው እንጂ ኮላው አይደለም።

እንጨቱ

ዋንዛ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው ብል አላጋነንኩም። ቀላል ነው፣ መላጊያ በደንብ ይቀበላል፣ ከደረቀ በኋላም ብዙም አይጣመምም። ጽድ ሽታው ደስ ይላል፣ ድምፁም ጥሩ ነው፤ ግን በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ምስማር ከመምታታችሁ በፊት በትራፓኖ ብሱት። ወይራ ለሳጥን ይከብዳል። ለመቃኛና ለበርኩማ ግን ወደር የለውም፤ ክር አይቆርጠውም። ግራቪሊያ በቀላሉ ይገኛል፣ ለመለማመጃም አያሳፍርም። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ተዉት። ቺፕውድ ደግሞ ከባድና ድምፅ የሚውጥ ስለሆነ ጭራሽ አታስቡት።

እዚህ ላይ አንድ የማልደራደርበት ነገር አለኝ። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ጽድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከልክሎ ነበር። እነዚህ ዛፎች ምን ያህል እየተመናመኑ እንደሆነ ገጠር የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ለአንድ ክራር የሚበቃው ደግሞ የአንድ አሮጌ ጠረጴዛ ግማሽ ነው። ስለዚህ አዲስ ጣውላ ከመፈለጋችሁ በፊት የፈረሰ ቤት በር፣ የተሰበረ ቁም ሣጥን፣ የድሮ ወንበር ፈልጉ። ይህን የምለው ለደኑ አስቤ ብቻ አይደለም። አሮጌ እንጨት ለዓመታት ቤት ውስጥ ደርቋል፤ መጣመም ያለበትም ተጣሞ ጨርሷል። ከመላጋችሁ በፊት ማግኔት አሳልፉበት፤ የተቀበረ ምስማር የመላጊያውን ስለት በአንድ ምት ያበላሸዋል።

አዲስ ጣውላ ከሆነ መድረቁን አረጋግጡ። ልምዱ እንደሚለው 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ በጥላና በነፋስ ለመድረቅ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል። ነጋዴው «ደርቋል» ቢላችሁም ቁራጩን በኩሽና ሚዛን መዝናችሁ በሳምንቱ ድገሙት። ክብደቱ መቀነሱን ካላቆመ ገና ነው።

ቆዳ ወይስ ኮምፔንሳቶ?

የሳጥኑን ፊት በ3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ መሸፈን ይቻላል። አየር ቢቀየርም ቅኝቱ ብዙ አይናወጥም፣ ሥራውም በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ለትምህርት ቤት ልጆች ወይም ከቦታ ቦታ ለሚጓጓዝ ክራር እሱ ይሻላል። ድምፁ ግን ወደ ጊታር ያደላል። የአስናቀች ወርቁን ወይም የካሣ ተሰማን ክራር በጆሮው ይዞ የሚሠራ ሰው በኮምፔንሳቶ ልቡ አይረካም። ቆዳ ይሁን።

የፍየል ቆዳ ምረጡ። የበግ ቆዳ ቅባት ይበዛዋል፣ ሲወጠርም ይላላል። የለፋ ቆዳ ለጫማ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ የሚፈለገው ጥሬው ነው። በፋሲካና በመስቀል ሰሞን ቆዳ በየሰፈሩ ስላለ ያኔ ገዝቶ ፍቆ ማድረቅ ይቻላል። ብራና የሚፍቅ ሰው ካወቃችሁ ደግሞ ግማሽ ሥራው አለቀ ማለት ነው፤ ፀጉሩ ተነሥቶ የሳሳ ንጹሕ ቆዳ ከእሱ ታገኛላችሁ። ውጭ አገር ያላችሁ ለጀምቤ ከበሮ የሚሸጠውን የፍየል ቆዳ መጠቀም ትችላላችሁ፤ ቀጭኑን ምረጡ።

አወጣጠሩን ቀስ ብላችሁ አድርጉት። ቆዳውን ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ ጠዋት በእጃችሁ እንደ እርጥብ ጨርቅ መተጣጠፍ አለበት። ከሳጥኑ በየጎኑ አምስት ስድስት ሴንቲ ሜትር አስተርፋችሁ ቁረጡት። መጀመሪያ የአንዱን ጎን መሃል በአንድ ትንሽ ምስማር ያዙ፤ ቀጥሎ የፊት ለፊቱን ጎን መሃል። ከዚያ የቀሩትን ሁለት ጎኖች መሃል። ወደ ማዕዘኖቹ የምትሄዱት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሁልጊዜ ፊት ለፊት እየተፈራረቃችሁ። ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ እርጥቡን ቆዳ ባለ በሌለ ጉልበቱ ይጎትተዋል። አያስፈልግም። እጥፋቱ እስኪጠፋ ብቻ ሳቡት። ቆዳው ሲደርቅ በራሱ ይሰበሰባል፤ በጣም ከተሳበ የሳጥኑን ጎኖች ወደ ውስጥ ያጎብጣቸዋል፣ ወይም ምስማሩ ጋ ይቀደዳል። ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ከተደረገ አንዱ ጎን ቀድሞ ይደርቅና ይጣመማል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይታችሁ በጣት ጫፍ መታ መታ አድርጉት። ዙሪያውን አንድ ዓይነት ድምፅ ከሰጠ ተሳክቷል። አንድ ማዕዘን «ዱብ» ካለ እሱን ብቻ አርጥባችሁ እንደገና ወጥሩ።

ቆዳ የአየሩን ነገር ይሰማል። ክረምት ሲገባ ይላላል፣ ድምፁ ይወርዳል፤ በበጋ ይጠብቃል። ዋሽንግተን ወይም ቶሮንቶ ላላችሁ ነገሩ ይገለበጣል፤ በብርዱ ወራት የቤት ማሞቂያው አየሩን ስለሚያደርቀው ቆዳው ከልክ በላይ ይወጠራል። ዱባይና ጅዳ ላላችሁ ደግሞ ከኤሲ ክፍል ወደ ውጭው ወበቅ ማውጣቱ ራሱ ቅኝቱን ይቀይረዋል። መሣሪያውን በከረጢት ማኖርና ከማሞቂያና ከኤሲ ማራቅ ግድ ነው።

ክሩና መቃኛው

ጅማትና አንጀት የጥንቱ ክር ነው። ለበገና የበግ አንጀት ድምፅ ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ ድካሙ ተገቢ ነው። ለክራር ግን ምርጫው በናይሎንና በብረት መካከል ነው። በአመታታችሁ ወስኑ። ክሮቹን በአንድ ላይ እየገረፋችሁ ለጭፈራ የምትመቱ ከሆነ ብረት ይጮኻል፣ በሰው መሃልም ይሰማል። በጣታችሁ እየነጠላችሁ የምትደረድሩ ከሆነ ናይሎን ይለሰልሳል፣ ጣትንም አይጎዳም። ለጀማሪ ናይሎን እላለሁ። ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ያለው የዓሣ ማጥመጃ ክር ለ45 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ጥሩ ይሠራል፤ ወፍራሙ ለታችኛው ድምፅ፣ ቀጭኑ ለላይኛው። ብረት ከመረጣችሁ በርኩማውን ከወይራ ወይም ከአጥንት ሥሩት፤ ለስላሳ እንጨት ላይ ክሩ እየቆረጠ ይገባል።

በመቃኛ ጉዳይ ሦስት መንገድ አለ። የጥንቱ ክሩን ከጨርቅ ቁራጭ ጋር በቀንበሩ ላይ ጠቅልሎ ጥቅሉን በእጅ ማዞር ነው። ቀዳዳ አይጠይቅም፣ ወጪም የለውም፤ ናይሎንንም ደህና አድርጎ ይይዛል። ብረት ላይ ግን ይንሸራተታል፣ አጠቃለሉም እጅ እስኪለምድ ያስቸግራል። ሁለተኛው የእንጨት መቃኛ ነው። እኔን የሚማርከኝ እሱ ነው፤ ነገር ግን ቀዳዳውም መቃኛውም በአንድ ዓይነት ሾጣጣ መሆን አለባቸው። በተራ ትራፓኖ በተበሳ ቀጥ ያለ ቀዳዳ ውስጥ ቀጥ ያለ ዱላ ብትከቱ በጭራሽ አይይዝም። የሾጣጣ መብሻ ከሌላችሁ አትጀምሩት። ሦስተኛው የጊታር ቁልፍ ነው። ከተሰበረ ጊታር ላይ ስድስቱን ነቅላችሁ ቀንበሩ ላይ መግጠም ነው። ጥርስ ስላለው በጥቂቱ ይዞራል፣ ከተቃኘ በኋላም ይቆያል። መልኩን ያበላሻል የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። ለመጀመሪያው ክራር ግን ያለ ጥርጥር እሱን እመርጣለሁ። መቃኛው የታመነ ሲሆን የቅኝት መውረድን ምክንያት ሌላ ቦታ መፈለግ ትችላላችሁ።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ጥሩ መሣሪያ በዓይናችሁ እዩ። አዲስ አበባ ያላችሁ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ገብታችሁ የቆዳውን አተሳሰርና የቋሚዎቹን አገባብ ተመልከቱ። ለማስታወሻ ተብሎ የሚሸጠውን ክራር ግን ልክ አትውሰዱበት፤ ብዙው ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ታስቦ የተሠራ ነው።

ቫርኒሽ እንጨቱን ብቻ ቀቡ፤ ቆዳው ላይ ከነካ ይደርቅና ድምፁን ያፍነዋል። ክሮቹን ከገጠማችሁ በኋላ ደግሞ ለመፍረድ አትቸኩሉ። አዲስ ናይሎን ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይለጠጣል፤ ጠዋት የተቃኘው ማታ መውረዱ የሥራችሁ ጥፋት አይደለም። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ እየቃኛችሁ ተዉት። ከሳምንት በኋላም የሚወርድ ክር ካለ መጀመሪያ ቋጠሮውን፣ ቀጥሎ መቃኛውን፣ ከዚያ ቋሚውን እዩ።